ማስተካከያ፦ ናሽናልስ የ2019ን ዋንጫ ያነሳው በሜዳው አይደለም

የዋሽንግተን ናሽናልስን የ2019 (እ.ኤ.አ.) የቤዝቦል ውድድር ዓመት የሚቃኝ አንድ ጽሑፍ በብዙዎች ዘንድ ተጋርቷል። ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ዋንጫውን በሜዳው እንዳነሳ ይናገራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በሊጉ ይፋዊ የደረጃ ሰንጠረዥ መሠረት ናሽናልስ 93 ጊዜ አሸንፎ 69 ጊዜ ተሸንፏል። ምድቡን የመራው 97 ድል ያስመዘገበው አትላንታ ብሬቭስ ነው። ናሽናልስ ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ምድባቸውን ላልመሩ ቡድኖች በሚሰጠው ዕድል ነው። ከሚልዋኪ ብሪወርስ ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። 4 ለ 3 አሸነፈ።

ከሂዩስተን አስትሮስ ጋር ያደረገው የፍጻሜው ነገር ደግሞ ይገርማል። የጨዋታ መዝገቡ እንደሚያሳየው በሰባቱም ግጥሚያ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ናሽናልስ በሜዳው ሦስቱንም ተሸነፈ። አራቱንም ድል ያገኘው በተጋጣሚው ሜዳ ሂዩስተን ውስጥ ነው። ሰባተኛውን ጨዋታ፣ ኦክቶበር 30፣ እስከ ሰባተኛው ዙር በአስትሮስ 2 ለ 0 ተቀድሞ ቆይቶ 6 ለ 2 ረታ። አስትሮስ 107 ድል ስለነበረው ከሰባቱ አራቱን በሜዳው የማስተናገድ ዕድሉ የእሱ ነበር።

ስህተቱ መዘዝ አለው። ጽሑፉን ይዘው "ቡድኑ ከመጀመሪያውም አስፈሪ ነበር" የሚሉ አሉ። ኧረ የት! ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፏል። "ለከተማዋ የመጀመሪያው ዋንጫ" የሚለውም ይታረም፦ የቀድሞው የዋሽንግተን ቡድን ሴኔተርስ በ1924 ወስዷል። ለናሽናልስ ግን የመጀመሪያው ነው። የፍጻሜው ኮከብ ስቲቨን ስትራስበርግ ነው መባሉ ትክክል ነው።