«ጋሼ፣ አስፋልት ድረስ ነው»

ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጅማ መርካቶ ቆሜ ስድስት ባጃጅ ለመንኩ። ስድስት! ቆጥሬአለሁ። ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለው?

ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ቀዝቀዝ ያደርጉና በሸራው በኩል አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ። «የት ነው ጋሼ?» ሰፈሬን እጠራለሁ። ፊታቸው ጥቁር ይላል። «እዚያማ ጭቃ ነው። አስፋልት ድረስ ከሆነ ይግቡ።»

«በኮንትራት ውሰደኝ፣ እጨምርልሃለሁ» አልኩት አምስተኛውን። ልጁ ሳቀ። «ብር ቢጨምሩ ጎማው አይረዝም ጋሼ!» ብሎኝ ሄደ።

እውነቱን ነው። ባጃጅ ፊቷ ላይ ያላት አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። እሷ ጭቃ ውስጥ ከሰመጠች መሪውን ወደፈለጋችሁበት አዙሩት፣ ባጃጇ የምትሄደው ወደፈለገችበት ነው። ልጁ ደግሞ የሚነዳው የሰው ንብረት ነው። ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ቦይ ውስጥ ገብታ ብታድር ገቢውን እኔ ልሞላለት ነው? ስለዚህ በልጆቹ አልተበሳጨሁም። ማለቴ፣ ትናንት ተበሳጭቼ ነበር፤ ዛሬ በርዶልኛል። ስድስተኛው ግን በኦሮምኛ «ዶቄ ነው» አለኝ። ጭቃም በለው ዶቄ፣ በሁለቱም ቋንቋ አይገባም።

አሁን «ጅማ ተወልደህ ስለ ጭቃ ታወራለህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ አወራለሁ! አዲስ አበባ ያላችሁ ክረምት ስትሉ ሐምሌና ነሐሴ ነው የሚታያችሁ። እኛ ጋ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና አንዳንዴ ጥቅምትንም ይነካካል። አፈሩ ደግሞ ቀይ ነው፤ ያ ለቡና የሚመሰገነው ጥልቅ ቀይ አፈር። ውኃ ይይዛል፣ አይለቅም ይባልለታል። ውኃውን ይዞ ቢቀር ምን ነበረበት? ጫማም ይይዛል፣ አይለቅም። እኔ እንደሚመስለኝ አባ ጅፋርም ቤተ መንግሥታቸውን ጅሬን ኮረብታው አናት ላይ የሠሩት የታቹን አይተው ነው።

ያናደደኝ ግን የትናንቱ ብቻ አይደለም። የቆየ ነው። ተማሪ ሆኜ የጀመረ።

እኛ ቤት ያኔም ከከተማው ዳር ነበር፣ ወደ ቦዬ አቅጣጫ። እናቴ ጠዋት ኮንጎ ጫማ ታስጠልቀኝና ሸራ ጫማዬን በፌስታል ታስይዘኛለች። ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ቀይሬ ልገባ ነው። ግን የምታጠበው በምን ውኃ? ከመንገድ ዳር ቦይ ባለው። እሱም ያው ቀይ ነው። እግሬን ባጠብኩት ቁጥር ይብስበታል። ሰልፍ ላይ ዩኒት ሊደሩ አርጩሜውን ከኋላው ይዞ በየመስመሩ መሀል ይመጣል። ፊት አያይም፣ እግር ነው የሚያየው። «አንተ፣ ውጣ።» ከባንዲራው ፊት አምስት ስድስት ሆነን እንቆማለን። ሁላችንም የዳር ልጆች። የመሀል ከተማዎቹ ልጆች ጫማቸው ንጹሕ ነው፣ ከቤታቸው አስፋልት ላይ ነው የሚወርዱት። ከዚያ በእንጨት ጭቃችንን ፍቀን ክፍል እንጠርጋለን። የመጀመሪያው ፔሬድ ሒሳብ ነበር። እስከዛሬ ክፍልፋይ የማይገባኝ በዚያ ምክንያት ነው ብዬ ለልጄ ነግሬዋለሁ። አላመነኝም።

ቅጽል ስም ወጣልን፤ ጉማሬ። ቦዬ ረግረጉ ላይ ጉማሬ እንዳለ ጅማ ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከዓመታት በኋላ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ባንክ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ከረባት አስሯል። ስሜ ጠፋበት፣ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና «ጉማሬ!» ብሎ አቀፈኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ታዲያ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ደመወዝ በልቼ፣ ቤት ስሠራ የት ሠራሁ? ዳር። መሀሉን ማን ይችለዋል? ኮብልስቶን ይነጠፋል ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ አዋጣን። ከሚመለከተው ቢሮ ሰዎች መጡ። ሜትር ዘረጉ፣ የሁላችንም አጥር ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመሩ። አንዷ ጎረቤታችን ቡና አፍልታ አበላቻቸው፣ አጠጣቻቸው። መርቀዋት ሄዱ። ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ። ድንጋዩ አልመጣም፤ መስመሩንም ዝናቡ አጥቦት ጨረሰ። ሄደን ስንጠይቅ «ፋይሉ እየታየ ነው» ይሉናል። ፋይሉን የሚያየው ሰው አንድ ቀን በእግሩ ቢመጣና መንገዱን ቢያይልን ምናለበት?

«ማታ ሦስት ሰዓት ውጭ ምን ትሠራ ነበር?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ባለቤቴ ጠይቃኛለች፣ ይበቃኛል። ኳስ ነዋ! እኔ አልጠጣም፣ ጫት አልወድም፤ ያለችኝ ሱስ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ አንድ ሻይ ይዤ ዘጠና ደቂቃ መጮህ ናት። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ቤቴ በምን እንደገባሁ አላስታውስም። በጭቃ ሄጄ ከሆነም አልታወቀኝም። አሁን ግን ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሰዓት ማየት እጀምራለሁ። ባጃጅ ላገኝ ነው። ጎሉ የሚገባው ደግሞ ሁልጊዜ እኔ በሩ ላይ ስደርስ ነው። ከኋላዬ «ጎ...ል!» ሲሉ እሰማለሁ።

ትናንትም አልቀረልኝም። አስፋልቱ ላይ ወረድኩና በስልኬ መብራት ገባሁበት። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ አጥር አጥሩን ይዤ። ቀዩ መስመር የነበረበትን አጥር። በራችን ሊደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ግራ እግሬ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። በእጄ ፈለግኩት። ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። የሆነ ነገር ያዝኩና ሳወጣው የሰው ኮንጎ ጫማ ነው። የልጅ፣ ቀኝ እግር።

የኔን ዛሬ ጠዋትም አላገኘነውም። ጭቃው ውስጥ 43 ቁጥር ቦት ጫማ ያየ ካለ ይጻፍልኝ። የኮንጎዋም ባለቤት ይምጣና ይውሰድ፤ አጥቤ አጥሩ ላይ ሰቅያታለሁ።