ማስተካከያ፦ ስለ ቱና ዓሣ ዕድገትና የመፈልፈያ ወቅት

ሰበታ ላይ ለዓሣ ባለሙያዎች በታደለው የሥልጠና ጽሑፍ፣ በፓስፊክ ብሉፊን ቱና ግልገሎች የርዝመት ግራፍ ላይ የሚታዩት ሁለት ጉብታዎች «የሁለት ተከታታይ ዓመታት ውልዶች ናቸው» የተባለው፣ «በአንድ ዓመት በተለያየ ወቅት የተፈለፈሉ ሁለት ቡድኖች ሊሆኑ ይችላሉ» ተብሎ ይስተካከል። ይህ ቱና ከታይዋን እስከ ደቡብ ጃፓን ደሴቶች ባለው ውኃ በአብዛኛው በግንቦትና በሰኔ፣ በጃፓን ባሕር ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ እንቁላል ስለሚጥል፣ በዚያው ዓመት ዘግይተው የተፈለፈሉት አጠር ብለው ይገኛሉ።

ቡድኖቹን ለመለየት ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ኦቶሊት የሚባለው የውስጥ ጆሮ ድንጋይ በግልገልነት በየቀኑ አንድ ቀለበት ስለሚጨምር፣ ድንጋዩ ሳስቶ እስኪያሳይ ድረስ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር፣ ዓሣው ከተያዘበት ዕለት ወደ ኋላ በመሄድ የተፈለፈለበት ቀን ይገመታል። ለምሳሌ ጥቅምት 30 የተያዘና 120 ቀለበት ያለው ግልገል የሐምሌ 5 ገደማ ነው፤ ጳጉሜን ከተዘነጋች ግን (በእኛ አቆጣጠር ለሚሠራ ሰው ቀላል ስሕተት ነው) ሰኔ 30 ላይ ይወድቅና ወደ ሌላው ቡድን ይመደባል። በትልልቆቹ ላይ የዕለት ቀለበቶቹ ተጠጋግተው ስለማይለዩ፣ የሚቆጠሩት ዓመታዊዎቹ ናቸው።