ኢመርጀንሲ ማለት ደም ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ኢመርጀንሲ ማለት ደም የፈሰሰበት፣ አጥንት የተሰበረበት ነው፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቅ» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ እኔም ድሮ አስብ ነበር። ድንገተኛ የሚያሰኘው ቢዘገይ ሕይወት ወይም አካል የሚያሳጣ መሆኑ ነው። ደረቱን የጨመቀው፣ ወይም ድንገት አፉ ተጣሞ አንድ እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው ጠብታ ደም አይታይበትም። እዚህ ድሬዳዋ የለመድናት ወባ እንኳ ልጁን ካንፈራገጠችው ወይም ራሱን ካሳተችው «ነገ ይሻለዋል» አይባልም። ወረፋውም በሕመሙ ክብደት እንጂ በመጡበት ሰዓት አይደለም፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆርጣ ፎጣ ጠቅልላ የመጣች፣ ደረቱን ይዞ ዝም ላለው ሰውዬ ተራ ለቃ መቀመጧ በደል አይደለም።

ቃሉንም አርክሰነዋል። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ካርድ ያለቀበት ሁሉ «ኢመርጀንሲ ነው፣ መልሰህ ደውል» ይላል (እኔንም ጨምሮ)። የላቲን ሥሩ ከውሃ ውስጥ ብቅ ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ሌሊት በተኙበት የደረሰባቸው ሰዎች ይህን ትርጉም ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

«የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ»ን ግን እዚህ አትቀላቅለው፤ እሱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ጉዳይ ነው።