አበበ በሶውን ይብላ፣ እናንተ ዝም በሉ

የድርሰት ትምህርታችንን የሚያማ ሰው አፉ ይያዝ። እውነቴን ነው። እንደኛ አድርጎ ዐረፍተ ነገር የሚያስተምር አገር ያለ አይመስለኝም።

አበበ በሶ በላ። አለቀ። ባለቤቱ አበበ፣ ተሳቢው በሶ፣ ማሰሪያ አንቀጹ በላ። አባቴ በዚህ ተማረ፣ እኔ በዚህ ተማርኩ፣ ልጄም ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ገብታ አበበን በቀይ፣ በሶውን በሰማያዊ እያሰመረችበት ነው። ሰውዬው መጀመሪያ የመጣው «በ»ን ለማስቆጠር ነበር፤ ከዚያ ሰዋስው ክፍል ተቀጥሮ ቀረ። ሦስት ትውልድ ሙሉ በሶ ሲበላ ግን አንድ ተማሪ ተነስቶ «ማን በጠበጠለት? ምሳ ነው እራት? ውኃስ አለው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ሥነ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው። ጫላም ጩቤውን እንደጨበጠ አለ፤ ለምን እንደጨበጠ የጠየቀ ፖሊስ እንኳ የለም።

ይህ ትምህርት ባይኖር ኖሮ ሁላችንም እንደ እናቴ እናወራ ነበር። እናቴ ቡና ላይ ተቀምጣ እንዲህ ትላለች፦ «ከገበያ መጥቼ፣ ዘንቢሌን አስቀምጬ፣ እግሬን እንኳ ሳልታጠብ፣ ያቺ ሴትዮ በሩን በርግዳ ገብታ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ ብሬን አምጪ አትለኝም!» በአንድ ትንፋሽ። መጥቼ፣ አስቀምጬ፣ ገብታ፤ ቦዝ አንቀጹ ተንጠልጥሎ ተንጠልጥሎ፣ ማሰሪያው እስኪመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ስኒውን አየር ላይ ይዞ ይጠብቃል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ልብ ማንጠልጠል በነፃ የተሰጠው ቋንቋ ነው። ደግነቱ ትምህርት ቤት ደርሶልናል። እዚያ ቦዝ አንቀጽ ጥያቄ ቁጥር 7 ነው፤ መልሱ ሐ።

ቅኔ ቤትማ ተውት፣ ኋላ ቀር ነው። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና አንጠልጥሎ መምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። የጓደኛውን ቅኔ አምጥቶ የኔ ነው ቢል መሳቂያ ነው የሚሆነው። ስንት ድካም! እኛ ዘንድ አንድ ጥሩ ድርሰት ከተገኘ ለክፍሉ ሁሉ ይበቃል።

ይኸውላችሁ። መስከረም በገባ ቁጥር «የክረምቱን ዕረፍት እንዴት እንዳሳለፍኩ» የሚል ርዕስ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ልጄ ባለፈው ምን ጽፋ ሄደች መሰላችሁ? «ሌሊት ዝናብ ሲመጣ እማዬ ተነስታ ባልዲውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወደሚያፈሰው ታዞረዋለች፣ እኔ ጆግ ይዤ እከተላታለሁ፣ አባዬ እንዳልሰማ ሆኖ ይተኛል።» 4 ከ10። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ከርዕስ ወጥተሻል። መግቢያ የለውም። ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል።» እኔ በግሌ ከመምህሯ ጎን ቆሜያለሁ፤ በተለይ የመጨረሻዋ ሐረግ ጭራሽ አላስፈላጊ ናት።

አብራት የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ እንዲህ ጻፈች፦ «ጎህ ቀደደ። ወፎች ይንጫጫሉ። ክረምቱን ከውድ ቤተሰቦቼ ጋር ላንጋኖ በመሄድ በታላቅ ደስታ አሳለፍኩ። በመጨረሻም በሰላም ወደ ቤታችን ተመለስን።» 9 ከ10! መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው። ልጅቷ ጎረቤታችን ናት። ክረምቱን ሙሉ ከግቢ አልወጣችም፤ የነሱም ጣራ ያፈሳል።

መምህሯስ ምን ታድርግ? 60 ደብተር ተሸክማ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነው የምታርመው። ወፎቹ ሲንጫጩ ስታይ እፎይ ትላለች፤ ለወፍ ስንት እንደሚሰጥ ታውቃለች። ለባልዲ ስንት ይሰጣል?

ደግሞስ የራሱን ነገር በራሱ ቃል መጻፍ የለመደ ልጅ ኋላ የት ይገባል? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር አይጻፍም። ክብ ማጥቆር ነው፣ ለአንዳንዱም ማውስ መጫን። ሥራ ሲይዝም የሚጠብቀው ያው ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቀበሌ ሄዶ «ትናንት ማታ ቤቴ ነደደ» ብሎ ቢጽፍ ማን ያነብለታል? «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ መጀመር አለበት። ርዕሱ ላይ ተሞክሮ ያልተሳካው ታች ላይ እንዴት እንደሚሳካ አትጠይቁኝ። እሳቱ እስከ አራተኛው መስመር ድረስ ይጠብቃል፤ ጨዋ እሳት ነው።

ልጄ ግን ብልህ ናት፣ አንድ ጊዜ ነው የተቀጣችው። ለሁለተኛው ወሰነ ትምህርት «የማልረሳው ቀን» የሚል ርዕስ ሲሰጣቸው ጎህ ቀደደ፣ ወፎቹ ተንጫጩ፣ እኛም ቤተሰብ ሆነን ላንጋኖ ገባን። 9 ተኩል! ደብተሩን ይዛልኝ ስትመጣ ግንባሯን ሳምኳት። ጎረቤትም ሰማ።

ማታ ካፊያ ጀምሮ ባልዲውን ስታመቻች ድንገት ቀና አለች።

«አባዬ፣ ላንጋኖ ውኃው ምን ዓይነት ነው?»

«ቡናማ ነው» አልኳት። «ለምን?»

«እኔ ሰማያዊ ብዬ ነው የጻፍኩት።» ትንሽ አሰበች። «ግን ቲቸር ራይት አድርጋልኛለች።»