በዓይነ ልቡና ለሚያሽከረክሩ የቀረበ ውዳሴ

በዓለም ላይ ለብዙ ጀግና ሐውልት ቆሟል። የመኪናቸውን የዝናብ መጥረጊያ ሳይቀይሩ ዓመታት ላስቆጠሩት አሽከርካሪ ግን አንድም አልቆመላቸውም። ግፍ ነው። መንገዱን እያዩ መንዳትማ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውም ለዚሁ ተራ ችሎታ ነው። እሳቸው ግን ሳያዩ ይነዳሉ። ዶፉ ሲወርድ፣ መጥረጊያው እየተንጫጫ ከዳር የለቀመውን ጭቃ መሀል ላይ ሲለስነው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ደረታቸውን ከመሪው አጣብቀው፣ ከመስታወቱ ግርጌ በተረፈች መዳፍ በማታክል ንጹሕ ቦታ ያጮልቃሉ። የቀረውን በዓይነ ልቡናቸው ይሞሉታል። ነቢያት እንኳ ይህን ያደረጉት ቆመው እንጂ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ አልነበረም።

በዚህ ፍጥነት መኪናው በየሰከንዱ ከ16 ሜትር በላይ ይከንፋል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚመላለስ መጥረጊያ አንዷን ምልልስ እስኪጨርስ መኪናው 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጤነኛ ላስቲክ በዚህ መሀል መስታወቱን ሁለት ጊዜ ያጸዳል፤ የእሳቸው ሁለት ጊዜ ያቆሽሻል። ማታ ሲሆን ደግሞ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት በተለሰነው ቅባት ላይ ተበትኖ መስታወቱን ብርሃን በብርሃን ያደርገዋል። ሌላው ሰው ይህን መታወር ይለዋል፤ ለእሳቸው ግን መገለጥ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ ያላዩት ጉድጓድም አያስጨንቅም።

ለቅርስ ያላቸው ፍቅር ሳይነሳ አይታለፍም። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የነበረ አሽከርካሪ በዝናብና በበረዶ መስኮቱን ከፍቶ፣ አለዚያም ከነጭራሹ ወርዶ መስታወቱን በእጁ ይጠርግ ነበር። ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ኒው ዮርክ ላይ የከተማ ባቡር ነጂ በዚህ ሁኔታ ሲንገላታ አይታ፣ ከውስጥ ሆነው በእጅ የሚያንቀሳቅሱት፣ ላስቲክ የተገጠመለት ክንድ ፈለሰፈች፤ የፈጠራ ባለቤትነቷንም በ1903 እ.ኤ.አ. አስመዘገበች። መብቱን እንዲገዛት የጠየቀችው አንድ የካናዳ ድርጅት ግን ዕቃው ለገበያ የሚበቃ ዋጋ የለውም ብሎ መለሳት። ብዙ ሰው በዚህ ድርጅት ይስቃል። የእኛ ሰው አይስቁም፤ እስከ ዛሬ ከድርጅቱ ጋር አንድ ሐሳብ ናቸው። የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አውጥተው፣ በሸሚዛቸው እጅጌ መስታወቱን ሲያሹ ያየ ሰው ሊያዝንላቸው አይገባም፤ ከ1903 በፊት የነበረ ጥበብ ሲጠበቅ እያየ ነውና።

ሮበርት ኪርንስ የተባለውም መሐንዲስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የዓይን ቆብ እንደሚርገበገብ ሁሉ ጥቂት እያረፈ የሚጠርግ መጥረጊያ ሠርቶ ነበር። ፈጠራዬን ወሰዱብኝ ብሎ ከፎርድና ከክራይስለር ጋር ለዓመታት ተካሶ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አገኘ። ምስኪን! ያን ሁሉ ዕድሜ ለመጥረጊያ። የእኛ ሰው ለመጥረጊያ ግማሽ ሰዓት እንኳ አላባከኑም።

ላስቲኩስ ቢሆን ምን ያህል ነገር መሰላችሁ? መስታወቱን የሚነካው ስስ ከንፈሩ ብቻ ነው። ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከንፈሩ ወደ ግራ ተጋድሞ ይጎተታል፤ ሲመለስ ተገልብጦ በሌላ ጎኑ ይጋደማል። በደቂቃ 45 ምልልስ ማለት 90 መገለባበጥ ማለት ነው። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ አቧራና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን ሲያደርቁት ከንፈሩ መገልበጥ ያቅተውና ተገትሮ እየዘለለ ይሄዳል። ያ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። አምራቾች ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀይሩት ይላሉ። የእሳቸው መልስ ግን አይረታም፤ «በጋውን ሙሉ መች ተጠቀምኩበት?» ይላሉ። ላስቲኩ ሥራ ፈትቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በከረመበት በጋ ማርጀቱን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? (በነገራችን ላይ፣ ቀጭን መስመር እየተወ የሚጠርግ ላስቲክ ሁሉ አርጅቷል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ አሸዋ ይዞ ነው፤ ከንፈሩ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ ይድናል። ይህን የምናገረው ለተራው ሰው ነው።)

ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ እንዳይመስላችሁ፤ ሕክምና ያውቃሉ። ላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱታል። በነጭ ጋዝ ያሹታል፤ ነጭ ጋዝ ላስቲክን አሳብጦ የሚያበላሽ መሆኑ ለእሳቸው ወሬ ነው። ይህ ሁሉ ካልሠራ ክንዱን ጠምዝዘው መስታወቱን አጥብቆ እንዲጫን ያደርጉታል። በመጨረሻ ላስቲኩ ተቦጭቆ ይወድቅና ብረቱ ራሱ ሥራውን ይረከባል። ብረት መቼም ፀሐይ አያደርቀውም! መስታወቱ ላይም የቀስተ ደመና ቅርጽ ያለው ጭረት ይስላል። የፊት መስታወት በሁለት ንጣፍ ብርጭቆ መሀል ፕላስቲክ ተጣብቆበት የሚሠራ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አንዴ ከገባበት ተወልውሎ አይለቅም። ስለዚህ መስታወቱ እንዳለ ይቀየራል፤ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ደግሞ ከጀርባው የተገጠመው ካሜራ እንደገና ይስተካከላል። እሳቸው የላስቲክ ወጪ የሚቆጥቡት በዚህ መንገድ ነው። ጋራዥ ሲደርሱም «ድሮውንም መስታወቱ ጥራት አልነበረውም» ይላሉ። መስታወቱ ባይታጠብም ዓይናቸው በጨው ታጥቧል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን እምነታቸውን ነው። ለላስቲክ ያልተፈታ ኪሳቸው ዝናብ አባራሪ ፈሳሽ ሲያይ ይፈታል። ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ሥዕል አይተዋላ! ግማሹ መስታወት ጭልም ያለ፣ ግማሹ የጠራ፤ መጥረጊያ የሚባል ነገር የትም የለም። የፈሳሹ አሠራር ተአምር የለበትም። አብዛኛው ከሲሊኮን ዘር የተሠራ ነው፤ ብርጭቆው ላይ በስሱ ይጣበቅና ውሃው እንዳይንጣለል፣ ይልቁንም ተድቦልቡሎ እንዲቆም ያደርገዋል። የተድቦለቦለውን ጠብታ ገፍቶ የሚወስደው ግን ንፋስ ነው፤ ንፋሱ ደግሞ የሚገኘው ከፍጥነት ነው። በሰዓት 60 እና 70 ኪሎ ሜትር ግድም ሲደረስ ጠብታው መስታወቱን ሽቅብ እየሮጠ ይሸሻል፤ እውነት ለመናገር በረጅም መንገድ ላይ ደስ ይላል። እሳቸው ግን ከአውቶብስ ኋላ በእግረኛ ፍጥነት እየተሳቡ የጠብታዎቹን መሄድ ይጠብቃሉ። ጠብታዎቹ አይሄዱም። እያንዳንዷ የአውቶብሱን ቀይ መብራት አቅፋ ትቀመጣለች። አንድ አውቶብስ ፊታቸው ቆሞ ሳለ እሳቸው መቶ ያያሉ። ማየት አነሳቸው ብላችሁ ስታሟቸው የነበራችሁ፣ ይኸውላችሁ!

አቀባቡም የራሱ ሥርዓት አለው። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ፣ መስታወቱ በደንብ ታጥቦ፣ ቅባቱ ለቆ፣ ከደረቀ በኋላ ጥላ ሥር ይቀባ፤ ከዚያም ጭጋግ የሚመስለው ነገር እስኪጠፋ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ አያነቡትም። ፀሐይ ያጋለው መስታወት ላይ፣ አቧራውና የነፍሳቱ ሬሳ እንዳለ፣ ይረጩታል። ፈሳሹም ግዴታውን አይረሳም፤ አቧራውን ከዝናብ ይጠብቀዋል። ያ የተገተረ ላስቲክ በተቀባው መስታወት ላይ ሲሄድ የሚያለሰልሰውን ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚያጣ መንጫጫቱ ይብሳል፤ እሳቸው ደግሞ «ፈሳሹ መሥራት ጀመረ» ይላሉ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ሲለቅም የሚለቀው እኩል አይደለም፤ መጥረጊያው የሚመላለስበት ቦታ ቀድሞ ይነሳል። ያን ጊዜ ሌላ ንጣፍ ይደርባሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም መስታወቱ አላሳይ ቢላቸው ደጋግመው ደራርበው ቀቡት፤ ጉሙ ለካ ከውስጥ ነበር። የትንፋሽ እርጥበት ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ጉም ነውና ኤር ኮንዲሽነሩን ከፍቶ አየሩን ማድረቅ ይበቃው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ኤር ኮንዲሽነር በጠርሙስ አይሸጥም።

እንዲህ እያመሰገንኳቸው ሳለ አንድ ዜና ደረሰኝና ደነገጥኩ፤ አዲስ መጥረጊያ ገዙ ተባለ። ጀግናችን ወደቁ ብዬ ነበር። አልወደቁም፤ ክብራቸውን ጠብቀው ነው የገዙት። ሱቁ ውስጥ የብረት አጽም ያለው፣ ያለ መገጣጠሚያ እንደ ቅስት የሚጎብጠው ጠፍጣፋው፣ ሁለቱን ያዳቀለውም ተደርድሯል። ጠፍጣፋው ጫናውን መስታወቱ ላይ እኩል ያዳርሳል፤ ላስቲኩ ሲሊኮን የሆነው ደግሞ ዋጋው ወደድ ቢልም ዕድሜው ይረዝማል። እሳቸው የመረጡት በማሸጊያው ቀለም ነው። በብዙ መኪና ላይ የሾፌሩ ወገን መጥረጊያ ከጎረቤቱ ይረዝማል፤ አሮጌውን መለካት ወይም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ መግለጥ ይበቃል። አድልዎ ስለማይወዱ ሁለቱንም እኩል ረጃጅም ወሰዱ፤ መጥረጊያዎቹም መሀል መስታወት ላይ እየተገናኙ ይማታሉ። አሮጌውን ሲነቅሉ ባዶውን ክንድ ሥሩ ጨርቅ ሳያነጥፉ ለቀቁትና ስፕሪንጉ ሳበው፤ መስታወቱ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ ወጣች። ይህም ቢሆን ቀላል ነው። ዝናቡ መጥቶ አዲሱ መጥረጊያ አንዲት ጠብታ አላነሳ ሲላቸው ግን ተቆጡ። ላስቲኩን ለመጠበቅ ከፋብሪካ የለበሰውን የፕላስቲክ መሸፈኛ ሳያወልቁ ነበር የገጠሙት። ዕቃውን ነቅለው ወደ ሻጩ ሄዱ፤ ተጨቃጭቀው ገንዘባቸውን አስመለሱ፤ በገንዘቡም ሁለት ጠርሙስ ፈሳሽ ገዙበት።