የውሮ የሥራ ሰዓት

ቤታችን አምስት ነን። ኪራይ የማይመለከታት፣ የታክሲ ሰልፍ የማታውቅ፣ "ዛሬ ምን ይሠራ?" ተብላ የማትጠየቅ ውሮ ብቻ ናት። ይህን ስጽፍ እንኳ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሪሲቨሩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ይሞቃላ! ጅራቷ ወደ ታች ወርዶ ለዜና አንባቢው ሁለተኛ ከረባት ሆኖታል።

ሰሞኑን እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። በሁለተኛው ቀን ጠራችኝ።

"ልጄ፣ ይቺን ድመት ሐኪም ቤት አትወስዳትም?"

"ምን ሆነች?"

"ከመጣሁ ጀምሮ እኮ ቆማ አላየኋትም!"

እናቴ ቤት ያለችው ድመት ጎታ ጠባቂ ናት። ደሞዟም አይጥ ነው። የእኛዋ ግን የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ እንኳ እኛ ጋ የሚደርሰው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ አይጥ ምን ቆርጦት ይወጣል?

ለአቅመ ድመት የደረሰች ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት እንደምትተኛ፣ ጨቅላዎቹና ያረጁት ደግሞ እስከ 20 ሊደርሱ እንደሚችሉ ነገርኳት።

"ሃያ! በቀሪው አራት ሰዓት ምን ልትሠራበት?"

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ድመት አድብታ፣ ባንዴ ተወርውራ የምትይዝ አዳኝ ናት። ለዚያች ለአንዷ ዝላይ ጉልበቷን ስትቆጥብ ትውላለች። ኮንዶሚኒየም መግባታችንን ሰውነቷ ገና አልሰማም።

ደግሞ አብዛኛው እንቅልፏ ለይምሰል ነው። ትናንት ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ ወይ ፍንክች! ሥጋ የተቋጠረበትን ፌስታል ነካ ሳደርግ ግን ቀኝ ጆሮዋ ዞረ። ጆሮዋ ብቻ። ዓይኗ አልተገለጠም። የመሥሪያ ቤታችን አንድ ኃላፊ ስብሰባ ላይ እንዲህ ነው። ሪፖርቱ ሁሉ ሲነበብ ያንቀላፋል፤ "አበል" የምትል ቃል ስትነሳ ግን ይነቃል።

የእውነቱን ስትተኛ ያስታውቃል። ጢሟ ይርገበገባል፣ መዳፏ እፍ እፍ እንደሚል ሰው ከንፈር ንቅንቅ ንቅንቅ ይላል። እናቴ አንዴ አይታት "በስመ አብ!" ብላ አማተበችባት።

የመኝታ ምርጫዋን አታንሱብኝ። እንጀራ የተጋገረ ዕለት ምጣዱ እስኪበርድ ኩሽናውን ቆልፈን እንጠብቃታለን፤ ካልሆነ አክንባሎው ላይ ናት። እናቴ በእጇ ፈትላ ያመጣችልኝን ጋቢ እኔ እስካሁን ለብሼው አላውቅም።

ችግሩ ንጋት ላይ ነው። ድመት የምትነቃቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ልክ 11 ሰዓት ሲል ከኮሪደሩ ተንደርድራ በሆዴ ላይ አልፋ መስኮቱ ጋ ትደርሳለች። መፍትሔው ማታ ማጫወት፣ ከዚያ ማብላት ነው ተባለ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ፣ ማታ ጫፉ የታሰረ ክር እየጎተትኩ አይጥ ሆኜ አመሻለሁ። ንጋት ላይ ስትጮህ ደግሞ ምግብ መስጠት ክልክል ነው፤ አንዴ ከቀመሰች ነገም ትቀሰቅሳለች።

ይሠራ ነበር። ግን እናቴም ለኪዳን የምትነሳው 11 ሰዓት ነው። ለካ ነጠላዋን እያጣፋች ከትናንት ወጥ ላይ ቁራሽ ሥጋ ጣል ታደርግላታለች! ደረስኩባቸው።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያስለመድሻት!"

ውሮን ቁልቁል አየቻት፤ ከዚያ እኔን፣ በፒጃማ፣ ዓይኔን እያሸሁ።

"ከዚህ ቤት በሰዓቱ የሚነሳ እሷ ብቻ ናት። ሐኪም ቤት መሄድስ ያለብህ አንተ ነህ።"