ልጆቹ ተጨቃጨቁ ተብሎ ውድድር ይዘጋል?

ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ በተደረገ አንድ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የቡድን ሳይንስ ውድድር ከዘንድሮ ጀምሮ መቅረቱ ተነገረን። በምትኩ ጎበዞቹ በግል የጽሑፍ ፈተና ይለዩና ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ይሰጣቸዋል። ምክንያቱን ያስረዱት ኃላፊ ሦስት ነገር ጠቀሱ፤ ከሁሉ አስቀድመው ያነሱት ግን ውድድሩ ልጆቹን ማጨቃጨቁን ነው። ወላጁ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደም።

በምን ተጨቃጨቁ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አንዱን ቡድን በቅርብ ስለተከታተልኩ እኔ ልንገራችሁ። ሥራቸው የከተማችን ውኃ ነበር። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋግር፣ ሳሙናም እንደ ልብ እንደማያረፋ ሁላችንም እናውቃለን። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ ታች ሲሰርግ የኖራ ድንጋዩን፣ ያንኑ ለሲሚንቶ የሚቆፈረውን ድንጋይ፣ እያሟሟ ይወርዳል። ውኃው ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፤ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየምም ካርቦኔት ሆኖ ማንቆርቆሪያው ላይ ይቀራል። ልጆቹ ከሳቢያን፣ ከለገሀሬና ከከዚራ ውኃ ቀዱ፤ ግማሹን አፈሉ፤ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ከዚያ እኩል እኩል በጠርሙስ አድርገው፣ የሳሙና ውኃ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩና እየናጡ፣ አረፋ እስኪይዝ ድረስ ጠብታውን ቆጠሩ። ቁጥሩ አልገጥም አለ። አንዷ አረፋው የውኃውን ፊት ከሸፈነ በቃ ትላለች፤ ሌላው አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይጠፋ ካልቆየ አይቆጠርም ይላል። ድምፃቸው ግቢውን አናወጠው። ጭቅጭቅ የተባለው ይኸው ነው!

ይህ ሳይንስ ካልሆነ ሳይንስ ምን ሊሆን ነው? በመለኪያው ያልተስማሙ ሰዎች የለኩት ቁጥር ዋጋ እንደሌለው እነዚህ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት። ደንብ አወጡ፤ ሥራውን ከመጀመሪያው ደገሙት። በጽሑፍ ፈተና ይህ ከየት ይመጣል? ፈተና ላይ ጥያቄው አልቆለት ነው የሚቀርበው፤ የልጁ ሥራ ከአራት ፊደል አንዱን ማክበብ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ደግሞ ማክበቡን ከማንም በላይ ያውቅበታል! የማያውቀው ሐሳቡ ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ ነው። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ቀድሞ ጨርሶ፣ እጁን አጣጥፎ ሌላውን ሲጠብቅ የኖረ ልጅ፣ «አይደለም፣ ተሳስተሃል» ብሎ የሚሞግተው እኩያ ሳያገኝ ያድጋል። ያን እኩያ አምጥቶ ፊቱ የሚያስቀምጥለት የቡድን ውድድር ነው። ቅዳሜን በተጨማሪ ፈተና መሙላት የሚችለውን ነገር ደጋግሞ ማሠራት ነው፤ ጎበዝ ልጅ የሚደነዝዘው እንደዚህ ሲደረግ ነው።

በአሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ሳይንስ ኦሊምፒያድ አንድ ቡድን እስከ 15 ተማሪ ይይዛል፤ የውድድሩ ዓይነት ደግሞ 23 ነው፤ በየዓይነቱ የተገኘው ደረጃ ይደመራል። አንድ ልጅ የቱንም ያህል ቢጎብዝ 23ቱን ብቻውን አይሸፍንም። ጓደኛው በደከመበት ቡድኑ ይወርዳልና ጓደኛውን ማብቃት የራሱ ጉዳይ ይሆናል። ከዓይነቶቹ አንዱማ ለድሬ ተብሎ የተሰናዳ ይመስለኛል፤ አንዱ ተማሪ ተገጣጥሞ የተሠራ ዕቃ አይቶ በጽሑፍ ይገልጻል፤ ዕቃውን ያላየው ጓደኛው ጽሑፉን ብቻ ይዞ መልሶ ይሠራዋል። ቤታቸው ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆች አንድ ዴስክ ላይ በሚቀመጡበት ከተማ፣ ያወቁትን ለሌላው ግልጽ አድርጎ ማስረዳትን የሚለካ የግል ፈተና እስቲ ያሳዩኝ። በ2004 እ.ኤ.አ. ጃካርታ ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ሳይንስ ኦሊምፒያድም 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትን ልጆች የጽሑፉን ፈተና በግል ያስፈትናል፤ ወደ ተግባር ሙከራው ሲገቡ ግን ሦስት ሦስት እያደረገ ነው። የግል ፈተናም ቦታ አለው፤ የሙከራውን ቦታ አይውሰድ ነው የምለው።

አንድ ለአምስት የሚባለውን የተማሪዎች የቡድን አደረጃጀት አይተነዋል፣ ጎበዙ ይሠራል ሌላው ስሙን ያስጽፋል የሚሉ መምህራን አሉ። ስለ አንድ ለአምስት ከሆነ እውነታቸውን ነው። እዚያ ጎበዙ ደመወዝ የሌለው አስተማሪ ሆኖ ነበር፤ ሌሎቹም የራሳቸው ሥራ አልነበራቸውም። በውድድር ግን ዳኛው ከቡድኑ የፈለገውን ልጅ አስነስቶ «ይህን ቁጥር እንዴት አገኛችሁት?» ይበለው፤ ያልሠራው እዚያው ይታወቃል። ይህን ማድረግ እየተቻለ ውድድሩን ከነሥሩ መንቀል ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ሚኒስትሪ ደርሷል፣ ጊዜ የለም ለሚለው መልሴ አጭር ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። እነዚያን ልጆች የቡድን ውድድር ነው ጊዜ ያባከነባቸው? ላቦራቶሪ የለንም ለሚለውም፣ የውኃው ሥራ የፈጀው ሳሙና፣ ባዶ ጠርሙስና ማንቆርቆሪያ ነው።

ውሳኔው ይሻር። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሳይጀመር ጥያቄዎቹ ለቡድኖቹ ይድረሱ፤ ዳኝነቱን ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ መምህራን ይያዙት። ጥያቄ ከጠፋ ደቻቱ አለ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ፣ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ለምንድን ነው? ከላይ ከተራራው የዘነበ ዝናብ በስንት ሰዓት እኛ ጋ ይደርሳል? ተዳፋቱን የሚለካ፣ አፈሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ የሚፈትሽ፣ ሽማግሌዎቹን የሚጠይቅ፣ ስሌቱን የሚሠራ ልጅ ያስፈልጋል። የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን ይህን ይሥሩ፤ ሲሠሩም እየተጨቃጨቁ ይሁን።